«ተምረሽ የለም ወይ፣ አስታርቂን»፦ የቤተሰብ ቴራፒ ተማሪ ኃላፊነት ከየት እስከ የት ነው?

ጥያቄ፦ «በቤተሰብ ምክርና ቴራፒ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የተግባር ልምምዴን ደብረ ብርሃን ልጀምር ነው። ከመንዝም ከጅሩም ባለጉዳይ ይመጣል ተብያለሁ። ኃላፊነቴ የት ይጀምራል፣ የትስ ያቆማል? ሥራዬን ከሚከታተለው ባለሙያ፣ ከሱፐርቫይዘሬ፣ ምን ልጠብቅ? በዚያ ላይ አጎቴ ‹ተምረሽ የለም ወይ፣ የልጄን ትዳር አስታርቂልኝ› እያሉ መውጫ አሳጥተውኛል።»

መልስ፦

እህቴ፣ አጎትሽን ለመጨረሻ እናቆያቸው፤ የእሳቸው ጥያቄ የሚመለሰው ሌላው ከጠራ በኋላ ነው።

የተማሪ የመጀመሪያ ግዴታ ሥራዋ እንዲታይ ማድረግ ነው። ቤተሰቡ እየመረቀሽ ቢወጣም እንኳ፣ ያልጻፍሽው፣ ለሱፐርቫይዘርሽም ያልነገርሽው ሴሽን (የምክር ክፍለ ጊዜ) ኃላፊነትሽን የተወጣሽበት አይደለም። አለማወቅሽ ያለ ነው፤ ተማሪ የተባልሽውም ለዚያ ነው። ሰው የሚጎዳው የማታውቂውን ስትደብቂ ነው።

ድርሻው እንዲህ ይከፈላል። ትዳሩን ማቆየትም ሆነ መፍታት የባለጉዳዮቹ ውሳኔ ነው። ለኬዙ፣ ማለት ለተያዘው ጉዳይ፣ አያያዝ በመጨረሻ የሚጠየቀው ሱፐርቫይዘሩ ነው። በመካከል ያለው ያንቺ ነው፦ በሰዓቱ መገኘት፣ ማየት፣ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ ያየሽውን ሳትቀንሺ ማቅረብ፣ የተሰጠሽን መመሪያ መፈጸም፣ ካልተስማማሽበት ደግሞ ከመፈጸምሽ በፊት «አልተስማማሁም» ማለት።

የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ከማየትሽ በፊት ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ፈርሙ። በሳምንት ስንት ሰዓት ትገናኛላችሁ? ድንገተኛ ነገር ቢመጣ፣ ቅዳሜና ማታ ጭምር፣ ለማን ትደውያለሽ? እሱ ስልክ ባያነሳ ተለዋጩ ማን ነው? በአንድ ጊዜ ስንት ኬዝ ትይዣለሽ? ፋይሉ የት ይቆለፋል፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው? በቁጥር በኩል ገዢሽ የዩኒቨርሲቲሽ መመሪያ ነው፤ ለንጽጽር ግን በአሜሪካ የቤተሰብ ቴራፒ ሥልጠና ለረጅም ጊዜ የሠራው መለኪያ ከባለጉዳይ ጋር 500 ሰዓት፣ ከዚያ 250ው ጥንዶች ወይም ቤተሰብ አብረው የተገኙበት፣ በላዩ 100 ሰዓት ሱፐርቪዥን (የሱፐርቫይዘር ክትትል)፣ የሱፐርቪዥኑም ግማሽ ሥራው በዓይን ወይም በቅጂ የታየበት ነበር። ከቁጥሩ ይልቅ ምጥጥኑን ያዢው፤ ለ5 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ሱፐርቪዥን። ሁለት ሳምንት ያለ ሱፐርቪዥን ካለፈ አዲስ ኬዝ አትቀበዪ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ አሳውቂ። «ሱፐርቫይዘሬ አይመቸውም» የሚለው የቃል ሰበብ ነገር ሲበላሽ አያድንሽም።

ስምሽን ስትናገሪ ተማሪነትሽን አብረሽ ተናገሪ። «በሥልጠና ላይ ነኝ፣ ሥራዬን የሚከታተል ባለሙያ አለ» በቂ ነው። ነጭ ጋዋን አድርገሽ «ዶክተር» ሲሉሽ ዝም ማለት ማታለል ነው፤ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ደግሞ ነጭ ካዩ «ዶክተር» ማለታቸው አይቀርም።

የስምምነት ቅጹ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ቅጹ ይነበባል፣ «እሺ» ይባላል፣ ይፈረማል። በእኛ አገር ግን «እሺ» አክብሮት ነው እንጂ ሁልጊዜ ፈቃድ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ «እስቲ አሁን ያልኩትን ቤት ላለ ሰው ቢነግሩት እንዴት ይሉታል?» ብለሽ ጠይቂ። በራሳቸው አንደበት ካልመለሱት አልገባቸውም፤ እንደገና አስረጂ። ምስጢር የሚጠበቅ መሆኑን፣ ግን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ እንደማይጠበቅ፣ ሱፐርቫይዘርሽም ሁሉንም እንደሚሰማ በግልጽ ይነገራቸው። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 399 የሚያስቀጣ መሆኑንም አንቺ ራስሽ ልብ በዪ። ድምፅ ወይም ቪዲዮ የምትቀርጪ ከሆነ ልጆቹ ጭምር ይጠየቃሉ፤ እምቢ ያለ አገልግሎቱ አይቀርበትም። በግል ስልክሽ አትቅረጪ። ስልክ ይጠፋል፣ ወንድምሽ ይከፍተዋል፣ ፋይሉ ሳታውቂው ወደ ሌላ ቦታ ይጫናል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የባልና የሚስት የየብቻ ምስጢር ነው። ሐሙስ ሁለቱን አብረሽ አየሻቸው፤ ቅዳሜ ባል ይደውልና «ሸዋ ሮቢት አንድ ልጅ አለኝ፣ እሷ አታውቅም፣ ላንቺ ብቻ ነው» ይልሻል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የባል ተባባሪ ሆነሻል፤ በሚቀጥለው ሴሽን ሚስት «የሚደብቀኝ ነገር አለ» ስትል ዓይንሽን የት ታደርጊዋለሽ? መድኃኒቱ አስቀድሞ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ባሉበት «ለብቻዬ የምትነግሩኝን ነገር ለሌላው አላወጣም፤ ግን ሥራችንን የሚያቆም ከሆነ ራሳችሁ እንድትናገሩ እረዳችኋለሁ፤ ካልሆነም ጥንዶቹን አብሬ ማየቴን አቆማለሁ» በዪ፣ ቅጹ ላይም ይጻፍ። ሳትናገሪ ቀርተሽ ስልኩ ከመጣ ግን የራስሽን ውሳኔ አትወስኚ፤ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪ። ከጥቃትና ከጤና ጋር የተያያዘ ምስጢር በዚህ ደንብ አይዳኝም፤ የጥቃቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ወደ ሴሽኑ እንግባ። ከመንዝም ሆነ ከሞረትና ጅሩ ተነሥቶ እስከ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌንም የንስሐ አባትንም አዳርሶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያቀርበው እንደ ችሎት ነው፦ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር። ሽማግሌ ቃል ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ካሳ ይቆርጣል፣ ይቅር ያባብላል፤ ደግ ሥራ ነው፣ ያንቺ ሥራ ግን አይደለም። አንዱን ወገን ግማሽ ሰዓት እየሰማሽ ራስሽን ከነቀነቅሽ ፈረድሽ ማለት ነው፤ ሌላኛው ወገን በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ በላይ አትስጪ። ቀጥለሽ «ሽማግሌዎቹ ምን ብለው ነበር? ዕርቁስ ስንት ወር ቆየ? ምን ሲሆን ፈረሰ?» ብለሽ ጠይቂ። ዕርቁ የፈረሰበት ቀን ከጠቡ ታሪክ ይበልጥ ይነግርሻል።

አንድ ትንሽ የሚመስል፣ ግን በአማርኛ በቀላሉ የሚደርስ ስህተት አለ። ባል 55 ዓመታቸው፣ ሚስት 38 ዓመቷ ነው። ተማሪዋ ሳታስበው «ጋሼ፣ እርስዎ እንዴት ያዩታል? አንቺስ?» ትላለች። ሳይታወቃት ጎን ይዛለች። ሁለቱንም «እርስዎ» በዪ፣ ወይም ከሁለቱም ፈቃድ ጠይቀሽ ሁለቱንም «አንተ»፣ «አንቺ» በዪ። አማት አብረው ከመጡ «እማማ» ብለሽ ተቀበያቸው፣ ግን ስለ ምራታቸው ስሜት እሳቸውን አትጠይቂ። ወንበር አትደልድዪ፤ እንዲመርጡ ተዪና ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ጻፊ። ልጅ በእናትና በአባት መካከል ከተቀመጠ ዝምድናው ራሱ ወንበሩ ላይ ተሥሏል።

የቤተሰብ ዘር ካርታውን፣ ጄኖግራሙን፣ በሁለተኛው ሴሽን ሥሪ፤ ቢያንስ 3 ትውልድ። ሃሳቡ የመጣው ከቤተሰብ ቴራፒ ፈር ቀዳጁ ከመሬይ ቦወን ትምህርት ነው፣ ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፦ ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የሞተ ላይ ×፣ መለያየት በጋብቻው መስመር ላይ አንድ ሰያፍ ጭረት፣ ፍቺ ሁለት፣ ጠብ ዚግዛግ መስመር፣ ልጆች ከግራ ወደ ቀኝ በዕድሜ ቅደም ተከተል። እኛ ዘንድ የሚያሳስቱ ነገሮች ግን መጽሐፉ ላይ የሉም። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስላልሆነ ከስም ተነሥተሽ ዝምድና አትገምቺ፤ የአንዲት እናት ሦስት ልጆች ሦስት የአባት ስም ሊኖራቸው ይችላል፣ ሚስትም በባሏ ስም አትጠራም። ቤት ውስጥ የሚያድገውን የዘመድ ልጅ «ልጄ» ስለሚሉት «ከማን ተወለደ?» ብለሽ በጨዋ ደንብ ጠይቂ። የክርስትና አባትና ሚዜ በወረቀቱ ጠርዝ ይግቡ፤ ጠብ ሲነሣ ሚስት አኩርፋ የምትሄደው እነሱ ቤት ሊሆን ይችላል። ዓመተ ምሕረት የማያስታውሱትን በዘመን ጠይቂ፦ «በ77ቱ ድርቅ ተጋብታችሁ ነበር? ደርግ ሲወድቅ የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷል?» መሬት ካለ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ እወቂ፤ የወንድማማች ኩርፊያ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጀምራል። የሕግ ምክር ግን አትስጪ። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፣ በክልሉ የሚሠራውም የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ለሕግ ባለሙያ ምሪላቸው።

አሁን ወደማይታለፈው። ጥንዶችን አብረሽ ከማየትሽ በፊት እያንዳንዳቸውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለብቻ አነጋግሪያቸው። ሁሉንም ጥንድ፣ ሁለቱንም ወገን፣ እንደ ደንብ፤ አንዷን ብቻ ከጠራሽ ቤት ስትገባ «ምን ነገርሻት?» ትባላለች። ጥያቄው በቀጥታ ይሁን፦ ሲቆጣ ምን ያደርጋል? መትቶሽ ያውቃል? አንቆሽ ያውቃል? ቤት ውስጥ ጠመንጃ አለ? እዚህ ተናግረሽ ቤት ስትሄጂ የምትፈሪው ነገር አለ? ማነቅ ከሌላው ጥቃት ለብቻው መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ አንዴ የታነቀች ሴት ወደፊት የመገደል አደጋዋ በእጅጉ ከፍ ያለ ነው። የጠመንጃው ጥያቄ ደግሞ በገጠሩ ሰሜን ሸዋ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። ከነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ የጥንድ ሴሽን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሴሽን ውስጥ እውነቱን ስትናገር ዋጋውን ማታ ቤቷ ትከፍላለች። ሳይወጡ ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪ። የደኅንነት ዕቅድ በወረቀት ጽፈሽ አትስጫት፤ ወረቀት ኪስ ውስጥ ይገኛል። የት እንደምትሄድ፣ ማን በር እንደሚከፍትላት፣ የልጆቹ ልብስና መታወቂያዋ የት እንደሚቀመጥ በቃል ተነጋገሩ። የትዳር ጓደኛን ማጥቃት ወንጀል መሆኑን (የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564) እወቂ፣ ለመክሰስ ግን አትገፋፊ፤ የምትከስበትን ቀን የምታውቀው እሷ ናት።

ራስን ስለመግደል ስትጠይቂም አትዙሪ። «ሞትን እየተመኙ ነው? ራስዎን ለመግደል አስበው ያውቃሉ? በምን?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ዕቅድ ካለ ብቻቸውን አይወጡም፤ የሚያምኑት ሰው ይጠራል፣ ቤት ያለ የተባይ መድኃኒትም ሆነ መሣሪያ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። ድምፅ የሚሰማ፣ ለሳምንት ያልተኛ፣ ነገር የተቀላቀለበት ሰውም ያንቺ ኬዝ አይደለም። ቤተሰቡ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ይዞት ሊሄድ ካሰበ አትከልክዪ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ግን ተነጋገሪ። የሚጎዳው ጸበሉ ሳይሆን ክኒኑ ቤት መቅረቱ ነው፤ አስተዋይ የንስሐ አባት ካለ ከአንቺ ይልቅ እሱ ቢናገር ይሰማል።

ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ ልትዳር ነው ከተባለ ጉዳዩ ከቤተሰብ ምክር ወጥቷል። ያለዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ወንጀል ነው። የሠርጉን ቀን አጣሪ፣ በዚያው ቀን ለሱፐርቫይዘርሽ አሳውቂ፣ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጋር የሚነጋገረው ማን እንደሆነ ወስኑ። ብቻሽን ሮጠሽ ከሄድሽ ልጅቱ በማግሥቱ ዘመድ ቤት ትሸሸጋለች።

ማስታወሻ በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ሴሽን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መድቢለት። «ባል ኃይለኛ ነው፤ ሚስት ተበዳይ ናት» ብለሽ ከጻፍሽ ፍርድ ጻፍሽ። እንዲህ ጻፊ፦ «ባል ሚስቱ ስትናገር 4 ጊዜ አቋረጠ። በሦስተኛው ላይ የ11 ዓመቷ ልጅ ውሃ ላምጣ ብላ ተነሣች። እናት ንግግሯን አቆመች። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ አልተነሣም።» ከዚህ ሱፐርቫይዘርሽ የልጅቱን ሚና ያነባል፤ ጠቡ ሲከር ውሃ ይዛ የምትገባ ልጅ ናት። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ያንቺን ንዴት ብቻ ነው የሚያነበው። የራስሽን ስሜት ለብቻው በግል ደብተር ጻፊና ሱፐርቪዥን ላይ አንሺው፤ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ሱፐርቪዥን ስትሄጂ ከቅጂው 10 ደቂቃ ብቻ መርጠሽ፣ ደቂቃውን ምልክት አድርገሽ ያዢ። የምትመርጪው የተሳካልሽን አይሁን፣ የተደናገርሽበትን ነው። በቤተሰብ ቴራፒ ፈር ቀዳጆቹ በሚኑሺንና በሄሊ ዘመን ፊላደልፊያ ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስተዋት ጀርባ ሆኖ በስልክ ይመራ ነበር። እኛ ጋ መስተዋቱ ባይኖር በድምፅ ቅጂና ሱፐርቫይዘሩ አልፎ አልፎ ክፍሉ ጥግ በመቀመጥ ይተካል። «ሴሽኑ ጥሩ ነበር» ብሎ ማቅረብ የሥልጠናውን ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። የራስሽንም ጄኖግራም ሥሪ። አባቷ ጠጪ የነበረ ተማሪ ጠጪ ባል ሲገባ ድምፅዋ ይለወጣል፤ እሷ አታውቀውም፣ ቅጂው ግን ይዞታል።

ደብረ ብርሃን ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል። የውጭ መጻሕፍት «ባለጉዳይሽን መንገድ ላይ ካገኘሽ ቀድመሽ ሰላም አትበዪ» ይላሉ። እዚህ ሰላም ነሥቶ ማለፍ ስድብ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ብንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ጉዳዩን ግን አናነሣም፤ አብሮኝ ያለ ሰው ከየት እንደማውቃችሁ ቢጠይቀኝ አልነግርም» ብለሽ ጨርሺው። በአንድ ዕድር፣ በአንድ ማኅበር ከሆናችሁ ለሱፐርቫይዘርሽ ተናገሪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኬዙ ለሌላ ይተላለፋል። ገንዘብ በእጅሽ አትቀበዪ። ከገጠር የመጣ እንቁላልና ቅቤ ግን ሲመለስ ያስቀይማል፤ አንዴ ከሆነ አመስግነሽ ተቀብለሽ ለቢሮው አሳውቂና መዝግቢው፣ ከደገሙት ደንቡን ንገሪያቸው። ከቆላው የኦሮምኛ ወይም የአርጎብኛ ተናጋሪ ከመጣ ልጁን ወይም ባሏን አስተርጓሚ አታድርጊ።

ቀጠሮም የሙያ ጉዳይ ነው። በ12፣ በ21፣ በ29 ለገጠር ሰው ቀጠሮ አትስጪ፤ ሚካኤልን ወይም ማርያምን ትቶ አይመጣም። በአጨዳ ወራት መቅረትን «ለመለወጥ ያለመፈለግ» ብለሽ አትጻፊ፤ እህሉ ነው። መንዝ ደግሞ በልግ ስለሚዘራ ወራቱ ከሌላው አገር ይለያል፤ እነሱን ጠይቂ።

መሰናበቻው ላይ ብዙ ተማሪ ይጠፋል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ እንደምትሄጂ በመጀመሪያው ቀን ተናገሪ፣ ከ4 ሳምንት በፊት አስታውሺ፣ ኬዙ የሚቀጥል ከሆነ አዲሱን ሰው አስቀምጠሽ አንድ ሴሽን አብራችሁ አድርጉ። የግል ስልክ ቁጥርሽን ሰጥተሽ አትሂጂ። የተዘጋ ፋይል የመጨረሻ ገጽ ላይ ምን እንደተጀመረ፣ ምን እንደቀረ፣ ምን አደጋ እንዳለ በግማሽ ገጽ ይጻፍ።

አጎትሽስ? ዘመድሽን ቴራፒ ማድረግ አትችይም፤ ተማሪ ስለሆንሽ ብቻ አይደለም፣ የ30 ዓመት ባለሙያም አይችልም። ውጤቱ ምንም ይሁን ለፋሲካ በአንድ ገበታ ትቀመጣላችሁ፤ ልጃቸው የነገረሽን ይዘሽ፣ ሚስቱ የነገረችሽን ይዘሽ። «አይቻልም» ብቻ ካልሻቸው ግን ይቀየማሉ፣ የኮራሽም ይመስላቸዋል። እንዲህ በያቸው፦ «አባባ፣ ሐኪም የእናቱን ሆድ አይቀድም። እኔ ከገባሁ አንዳቸው ‹የባል ወገን ናት› ይሉኛል፣ ነገሩም ይብሳል። የማያውቃቸው ሰው ላገናኛችሁ፣ መሄድ ከፈለጉ ቀጠሮውን እኔ እይዛለሁ።» ቀጠሮውን ያዢላቸው። ምን እንደተባለ ግን ከዚያ በኋላ አትጠይቂ፤ ሊነግሩሽ ሲጀምሩም ቡናውን ቅጂ።